አጎቴ ያረሙት ደን

ከተመለስኩ ወዲህ ቦንጋ ያሉ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ብርድ አለ ወይ?» አለ። አጥንት ድረስ ይገባል። ስለ ብርዱ በዚህ ይብቃንና ሌላ ሌላውን ላውራችሁ፤ አብዛኞቻችሁ ስማዳን በእግራችሁ እንደማትረግጡት አውቃለሁ፣ መንገዱን ስነግራችሁ ደግሞ ጭራሽ ትተዉታላችሁ።

አባቴ የስማዳ ሰው ነበር። በሠፈራው ጊዜ ከወገዳ አካባቢ ተነስቶ ከፋ ወረደ፣ እዚያው አግብቶ እኔን ወለደ፣ እዚያው ተቀበረ። አገሩን ሲያነሳ ስለ ሰው ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ደብሩ ደን ነው፤ ስለ ሚካኤል ዝግባ፣ ስለ ሚካኤል ጥድ፣ ቀትር ላይ እንኳ ስለሚጨልመው ጥላ። ልጅ ሆኜ ያ ደን ከከፋ ጫካ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

እኔም አድጌ ሥራዬ ጫካ ሆነ። ዛፍ ተመርጦ የተቆረጠበት ጫካ እንዴት ተመልሶ እንደሚበቅል እከታተላለሁ፤ የትኛው ቀድሞ ይወጣል፣ የትኛው ይከተላል፣ የትኛው ወጥቶ ይቀራል። ወሬውን ማን እንዳደረሰላቸው እንጃ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የሚካኤል ቄሰ ገበዝ ሞላ፣ አንድ ጠዋት ደወሉልኝ።

«አንቺ ብርቄ፣ የተማርሽው ዛፍ ነው አሉ።»

«አዎ አጎቴ።»

«እንግዲያው ነይና ደናችንን እይልኝ። ሞቶ ከሆነም ሞቷል በይኝ፤ ልወቀው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ምስጥ በላውና ዝናቡ መቅደሱ ውስጥ መግባት ጀመረ። ደኑ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተገዘተ ነው፤ ዛፍ የቆረጠ የተወገዘ ይሁን ተብሎ። ተመክሮ ተመክሮ ለጣሪያው ብቻ ግዝቱ ተነሳ፣ ትልልቆቹ ተመርጠው ተቆረጡ። የመጀመሪያውን ምሳር ያሳረፉት አጎቴ ናቸው፤ ማንም አልደፍርም ስላለ። ጣሪያው ቆመ። ደኑ ግን የተቆረጠበት ቦታ ላይ እንደ ተሸነቆረ ቀረ። ሕዝቡም «ደኑ ተቀይሟል» አለ። አሁን ሰበካ ጉባኤው ከኅዳር ሚካኤል ንግሥ በኋላ ባዶውን ቦታ ቆፍሮ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ነው።

«ባሕር ዛፍ ከተተከለ አለቀ» አሉኝ አጎቴ። «ደኑን ያጠፋው ሞላ ነው ተብዬ ነው የምቀበረው።»

ማክሰኞና ረቡዕ በመንገድ አለቁ፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር። መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ስለተነገረኝ እግዜርን እያመሰገንኩ ከመተኛት በቀር የሠራሁት የለም።

ሐሙስ

ከባሕር ዳር ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ለአጎቴ ብዬ አንድ ጀሪካን የጫካ ማር ይዤ ነበር። ረዳቱ «አናት ላይ ይሻላል» ብሎ ከሻንጣዬ ጋር ሰቀለው። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሰው ምስር ጫነ፤ ጆንያውን ያሳረፈው ማሩ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅትም። መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ስንገባ በመስኮቱ ላይ ማር እየወረደ ነው። ኅዳር ደግሞ አበባ የሚያብብበት ጊዜ ነው፣ የአገሩ ንብ ሁሉ ወሬውን ሰማ። ተሳፋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። ረዳቱ ነጠላውን ተከናንቦ «የማን ነው ይሄ ጉድ!» እያለ ይጮኻል። የኔ ነው ለማለት ድፍረት አጣሁ።

ያዳነችኝ መናኸሪያው ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጥ ወይዘሮ ዘሃራ ናት። ሻንጣዬን በእንጨት ጎትታ አወጣችና እኔንም በእጄ ጎትታ ጓሮዋ አስገባችኝ። ከፍታ ስታየው ሳቋ ግቢውን ሞላው። «እኔ በዕድሜዬ ማር የበላ ልብስ አይቼ አላውቅም!» አለች። ከዚያ ሁሉንም በሙቅ ውኃ ዘፈዘፈችው። በኋላ ነው የገባኝ፣ ያ ውኃ ለሳምንት ብላ ያጠራቀመችው ኖሯል። እኛ ቦንጋ ውኃ ከሰማይ እንደልብ ይወርዳልና ማንም አይቆጥበውም። አፈርኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። «ኧረ ተይ! እንግዳን በማር ለውሶ የላከልኝ አላህ ነው» ብላ ዝም አሰኘችኝ።

አልጋ ቤቶቹ በገበያ ሰው ስለሞሉ እዚያው አደርኩ። ማታ ባሏም ልጆቿም ሥጋ ወጥ ሲበሉ ለኔ ለብቻው እንቁላልና ሽሮ ቀረበ። ምንም ሳልላት። «የእናንተ እምነት የኛን እርድ እንደማይበላ አውቃለሁ» አለችኝ፤ «ሥጋውን ለኛ ተይልን፣ አንቺ ሽሮውን ጨርሺ።» እንደዚያ ያለ ሽሮ በልቼ አላውቅም።

ዓርብ

ልብሴ አልደረቀም። ዘሃራ እርጥቡን በፌስታል ቋጥራ ሰጥታ፣ ረጅም አረንጓዴ ቀሚስና ከሱቋ ያወጣችውን ሻሽ አለበሰችኝና ወደ ወገዳ በምትሄድ ቅጥቅጥ አይሱዙ አሳፈረችኝ። ቅጥቅጥ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ስወርድ ጥርሴን በምላሴ ነካክቼ አረጋገጥኩ።

መንገዱ ግን ዓይን ያጠግባል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከክምሩ በታች ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገብስ። ዛፍ ካያችሁ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ድንገት ኮረብታ ላይ አንድ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይታያል፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ደኑ በቅጥሩ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያኑ ነው ጫካ ውስጥ ያለው፣ እዚህ ጫካው ነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጠለለው። ይህን ሳይ ሆዴ ባባ። የኛ ጫካ ዛፍ ሲቆረጥበት ዘር የሚያበድረው ጎረቤት ጫካ አለው። እነዚህ ግን በዚያ ሁሉ እርሻ መካከል እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ናቸው።

ወገዳ ስወርድ አጎቴን ፍለጋ ዞርኩ። ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በቅሎ ይዘው ቆመዋል፤ እንደ አባቴ ጉንጫቸው ጎድጓዳ ነው። ወደኔ መጡ፣ አየት አደረጉኝና አልፈውኝ ሄዱ። ተመልሰው መጡ።

«እኅቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ አንዲት ብርቄ የምትባል ልጅ አብራሽ አልመጣችም?»

«እኔ ነኝ አጎቴ!»

ቀሚሴን አዩ፣ ሻሼን አዩ። «ወንድሜ መስለሙን ሳይነግረኝ ነው እንዴ የሞተ?» አሉ። የማሩን ነገር ስነግራቸው በቅሎዋን ተደግፈው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ፣ አቅፈውኝ «የወንድሜ ልጅ፣ የወንድሜ ልጅ» አሉ። እኔም አለቀስኩ። መናኸሪያው ሁሉ ያየናል፤ ግድ አልሰጠንም።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ የባቄላ አሹቅና የተልባ ፍትፍት አቀረቡ፤ ዕለቱ ጾም ነው። እሳቸው የታች ጋይንት ሰው ናቸውና «ስማዳዎች እንግዳ መቀበል የተማሩት ከኛ ነው» እያሉ አጎቴን ሲያናድዱ አመሹ።

ቅዳሜ

ደኑን አየሁት። አባቴ አልዋሸም። ደጀ ሰላሙን አልፌ ስገባ ብርሃኑ ዝቅ አለ፣ ጉሬዛ ከዝግባ ዝግባ ዘለለ፣ አፈሩ እርጥብ ይሸታል። ከከፋ ጋር ሲተያይ መዳፍ አይሞላም፣ ግን ውስጡ ስትሆኑ መጠኑ ይጠፋችኋል።

የተቆረጠው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ከምዕራብ በር ፊት ለፊት፣ ሁለተኛው በስተኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ። አጎቴ ወደ ፊተኛው ወሰዱኝ። ጉቶዎቹ ቆመዋል። በጉቶዎቹ መካከል ግን አንዲት ቁጥቋጦ የለችም። መሬቱ ተጠርጎ የተለቀለቀ አውድማ መስሏል።

«ይኸው» አሉኝ፣ ድምፃቸው ውስጥ ኩራትም ሐዘንም አለ። «ከተቆረጠ ወዲህ አንድ ክረምት አላለፈኝም። የዝግባ ፍሬ ለቅሜ እዘራለሁ፣ ከብት እንዳይገባ አጠርኩ። ከሁሉም በላይ አርማለሁ። ብሳናው፣ ክትክታው፣ ቀጋው ገና ብቅ ሲል እነቅለዋለሁ። ለንግሡ ደግሞ ሕዝቡ መጥቶ የተረፈውን ያጭዳል። ገብስ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጎተራ ይሞላ ነበር። ምን ጎደለው ብርቄ?»

ተንበረከክሁ። ጣት የማታህል የዝግባ ችግኝ አገኘሁ፤ ደርቃለች። አጠገቧ ሌላ፤ እሷም ደርቃለች። ዝግባ በልጅነቱ ፀሐይ አይችልም። ብሳናና ቀጋ ቀድመው ወጥተው ጥላ ካልሆኑለት በበጋው ይነዳል። አጎቴ አረም ብለው የነቀሉት ጥላውን ነው። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

ያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ዘለቀ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ ፈርሶ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶባቸዋልና ቶሎ የሚደርስ እንጨት ነው የሚፈልጉት። «እሜቴ፣ ተመልክተሻል» አሉኝ፤ «ቄሰ ገበዙ ያልደከሙት የለም። መሬቱ እምቢ አለ። ባሕር ዛፍ ግን እምቢ አይባልም።»

«እስቲ ልይ» ብቻ አልኩ። ፈሪ ነኝ። የዚያን ቀን እራት አልወርድ አለኝ፣ እትዬ ጥሩ «የከፋ ሰው ቆጮ ካልሆነ አይበላም እንዴ?» ብለው ተቀየሙኝ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኋላኛው ቦታ ሄድኩ። አጎቴ «እሱን ተይው፤ ጉልበቴ ገደሉን አላስወርድ ብሎኝ እሾህ ወርሶታል፣ ማፈሪያዬ ነው» ብለውኝ ነበር። እውነትም ወርሶታል። ቀጋውና አጋሙ ተጠላልፈው ግድግዳ ሆነዋል፣ በላያቸው ብሳና ቅጠሉን ዘርግቷል። በሆዴ ተሳብኩ። የዘሃራ ቀሚስ ከታፋው በላይ ተቀደደ፤ «ዘሃራ ይቅር በይኝ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። የወደቀው ቅጠል በመዳፍ ሲጨበጥ ውኃ ያዣል። አንገቴን ቀና ሳደርግ ዓይኔ ላይ የቆመው ዝግባ ነበር፤ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣ ቅጠሉ የሚያበራ። ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ጥድ፣ ከአንድ የወይራ ጉቶ ደግሞ ዘለላ ሙሉ ቀንበጥ። ማን ዘራው? ወፍና ጉሬዛ። ብቻዬን በእሾህ ውስጥ እንደ እብድ ሳቅሁ።

ሳቁ ሲያልቅ የአጎቴ ነገር ትዝ አለኝ። ደስታዬ ለሳቸው ምን እንደሆነ ገባኝና ተቀመጥኩ። ዝም ብል ቦታው ለባሕር ዛፍ ነው፤ ብናገር ሽማግሌውን በገዛ ድካማቸው መምታት ነው። ግን «ልወቀው» ብለው ነው የጠሩኝ።

ሄጄ አመጣኋቸው። በዚያ ጉልበታቸው ተንበርክከው ገቡ፣ ቀጋው ጥምጥማቸውን ይዞ አስቀረው፣ አልተመለሱለትም። ዝግባው ጋ ሲደርሱ ቅጠሉን በሁለት ጣት ያዙት።

«ይሄ ዝግባ ነው።»

«አዎ አጎቴ።»

«ማን ዘራው?»

«ማንም።»

ወደ ላይ ብሳናውን አዩ፣ ወደ ታች አፈሩን ዳሰሱ። ገበሬ ናቸው፤ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ደረሱበት።

«ይሄ እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አረሙ ጥላው ነበር በይኛ።»

«አዎ።»

«እኔ ነኛ የከለከልኩት።»

«አጎቴ፣ እርስዎ ለመልካም ብለው ነው...»

«ተይኝ እስቲ ልጄ።»

ጥምጥማቸውን ከእሾሁ ላቀቅኩላቸው። ቤት ገባን። እትዬ ጥሩ ያቀረቡላቸውን አሬራ ሳይነኩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ምነው ባልመጣሁ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ሰኞ

የንግሡ ዋዜማ ነው። ሕዝቡ ማጭድና ገጀራ ይዞ ለጽዳት ተሰበሰበ፤ የኋላው እሾህ ዘንድሮ ይመንጠር ተብሏል። አቶ ዘለቀም ገጀራቸውን ስለዋል። እኔ ለመናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ አጎቴ ቀደሙኝ። ደጀ ሰላሙ ላይ ወጡ። ጥምጥማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ እንደዚያ አይቷቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

«ወገኖቼ፣ ደኑ ተቀይሟል ስንል ኖርን። ደኑ አልተቀየመም። ሊመለስ ሲሞክር አረም ነው እያልኩ የነቀልኩት እኔ ነኝ። እንደ ማሳዬ መስሎኝ። እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ዝግባው ቆሟል፣ ሄዳችሁ እዩት። የመጀመሪያውን ምሳር ያሳረፍኩ ጊዜ ግዝቱ ተነስቶልኝ ነበር። ለዚህኛው ግን ማንም አልፈታኝም።» ጎንበስ ብለው ሕዝቡን እጅ ነሱ። «ፍቱኝ።»

ሁልጊዜ «አባ ይፍቱኝ» የሚለው ሕዝቡ ነው፣ የሚፈቱት እሳቸው ናቸው። ካህን ሕዝቡን ፍቱኝ ሲል ምን እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማንም ሳይመልስላቸው እንዳይቀሩ ፈራሁ።

አቶ ዘለቀ ገጀራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አባ፣ ብቻዎን አረሙት እንዴ? እኛስ በየንግሡ አላጨድነውም?» ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እግዜር ይፍታን።»

«ይፍታን!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። አጎቴ ጥምጥማቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት የደብሩ አለቃ መስቀላቸውን አንስተው ግዝቱን አደሱት። «ዛፉን የቆረጠ፣ ቁጥቋጦውን ያጨደ፣ እሾሁን የመነጠረ፣ አረሙን የነቀለ...» እዚህ ላይ ሕዝቡ ተንሾካሾከ። አንዲት ሴት ከኋላ «አባታችን፣ የማሳችንን አረም እንዳይጨምርብን!» ብላ ጮኸች። ሳቁ እስከ ገደሉ ተሰማ፣ አለቃውም ጭምር ሳቁና «ከቅጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ» ብለው አረሙት። ባሕር ዛፉ ከቅጥሩ ውጪ፣ ከጅረቱ ማዶ እንዲተከል ተስማሙ። አቶ ዘለቀ ለተማሪዎቹ ጎጆ ከራሳቸው ጓሮ እንጨት እሰጣለሁ ሲሉ እልልታ ቀለጠ።

ማክሰኞ

ንግሡ ደመቀ። ታቦቱ በምዕራቡ በር ሲወጣ ሕዝቡ ብቅ ያለች ቡቃያ እንዳይረግጥ እርስ በርሱ እየተጯጯኸ አለፈ። እትዬ ጥሩ የተቀደደውን ቀሚስ ጠቅመው፣ አንድ ቁና ሽምብራ ጨምረው በሹፌር እጅ ለዘሃራ ላኩላት። «ጋይንት ባዶ ዕቃ አትመልስም በይልኝ» ብለው ስልክ አስደወሉኝ፤ ዘሃራ ማዶ ሆና ስትስቅ ሁለቱም ሳይተያዩ ወዳጅ ሆኑ።

ረቡዕ

መመለሻዬ በጋይንት በኩል ነው። በቅሎዋ ተጭናለች፣ አጎቴ ግን የሉም። ደኑ ውስጥ፣ ከምዕራብ በር ፊት ለፊት፣ ጉቶ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብረዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ምንም። እጄን አስሬ ነው የተቀመጥኩ። ሳር ባየሁ ቁጥር ይበላኛል።»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። «ብርቄ፣ ስንት ዘመን ይፈጃል?» አሉኝ።

«ብሳናው ቶሎ ይደርሳል፣ ጥላውን ያዩታል። ዝግባው ግን...»

«አንቺም እኔም አናየውም በይኛ።»

«አዎ አጎቴ።»

ያዝናሉ ብዬ ነበር፣ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። «አባትሽ ከዝግባው ሥር ሲጫወት ‹ማን ተከለው?› ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። የጥንት ቅዱሳን ናቸው እለዋለሁ። ለካ ማንም አልተከለውም፤ ሳይነቅሉ የተውት ሰዎች ናቸው ያሉ።»

አባቴን ልጅ ሆኖ፣ እዚያው ተቀምጦ፣ ታላቅ ወንድሙን ሲጠይቅ አየሁት። እንባዬ መጣ። እንባዬን ስዋጥ እጄ ሳላስበው ከእግሬ ሥር የበቀለውን ነገር ይዞ መጎተት ጀመረ።

የእጄን አንጓ ቀጥ አድርገው ያዙት።

«ተይ! ግዝት ነው!»

ደነገጥኩ። «ይፍቱኝ አጎቴ» አልኩ፣ ግማሽ እየሳቅሁ ግማሽ እያለቀስኩ። አልሳቁም። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሬን ነኩና «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። የያዝኩት ተራ ኮሸሽላ ነበር፣ ሥሩ ግማሹ ወጥቷል። አጎቴ ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው መልሰው ቀበሩትና ዙሪያውን አፈር ጠቅጠቅ አደረጉለት።